ብጉርን «ከሥሩ ያጠፋሉ» ስለሚባሉት የዕፅዋት እንክብሎች፦ ግልጽ ደብዳቤ

ለምግብ ማሟያ ምርቶች ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶች፣
ለእነዚህ ምርቶች አምራቾችና አከፋፋዮች፣

ጉዳዩ፦ ከዕፅዋት የሚዘጋጁ የአንቲኦክሲዳንት (ኦክስጅን በሰውነት ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት፣ ኦክሲዴሽንን፣ ይከላከላሉ የሚባሉ ንጥረ ነገሮች) እንክብሎች የብጉር ሕክምና ተደርገው እንዳይሸጡ፣ በገላጭ ጽሑፋቸውም ላይ ሊነገር የሚገባው እንዲነገር ስለመጠየቅ

ከሁሉ አስቀድሜ አክብሮታዊ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ይህን ደብዳቤ ወዳስጻፈኝ ነገር በቀጥታ ልግባ። መድኃኒት በማደል ሥራ ላይ ለዓመታት የቆየሁ ፋርማሲስት ነኝ። አንድ ቀን አንዲት የ19 ዓመት ወጣት ወደ ባንኮኒው ቀርባ ሁለት ነገሮችን ጎን ለጎን አስቀመጠች። አንደኛው ሐኪም ለብጉር ያዘዘላት ዶክሲሳይክሊን የተባለ አንቲባዮቲክ ሲሆን፣ ሁለተኛው አረንጓዴ ቅጠል የተሣለበትና «ተፈጥሯዊ አንቲኦክሲዳንት፣ ለጠራ ቆዳ» የሚል ጽሑፍ በጉልህ የሰፈረበት የእንክብል ብልቃጥ ነበር። «መድኃኒቱን ሁለት ወር ወሰድኩት፣ ምንም ለውጥ አላየሁም። እሱን ትቼ ይኼንን ብቻ ብቀጥልስ ምን ይመስልዎታል?» አለችኝ። የብልቃጡን ጀርባ ለማንበብ መነጽሬን ማውጣት ነበረብኝ። የአረንጓዴ ሻይ ጭምቅ፣ የእርድ ጭምቅ፣ የወይን ዘር ጭምቅ ይልና፣ በመጨረሻው መስመር ላይ 25 ሚሊግራም ዚንክ ይጨምራል። እንዴት እንደምትወስዳቸው ስጠይቃት፣ እንዳትረሳው ብላ ጠዋት ጠዋት ሁለቱንም በአንድ ብርጭቆ ውሃ እንደምትውጣቸው ነገረችኝ።

ዚንክ፣ ብረት፣ ካልሲየምና ማግኒዥየም ከዶክሲሳይክሊንና ከዘመዱ ከሚኖሳይክሊን ጋር አንጀት ውስጥ ሲገናኙ ከመድኃኒቱ ጋር ተጣብቀው ወደ ደም የሚገባውን መጠን ሊቀንሱት እንደሚችሉ በሙያው ውስጥ ላለ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ስለዚህ ያቺ ወጣት «አልሠራልኝም» ብላ ልትተወው የነበረው መድኃኒት ምናልባት በቅጡ ሰውነቷ ውስጥ ገብቶ አያውቅም ይሆናል። ያገደውም ሊረዳኝ ይችላል ብላ በራሷ ገንዘብ የገዛችው እንክብል ሊሆን ይችላል። በብልቃጡ ላይ ግን ከፊትም ከኋላም ይህን የሚያስጠነቅቅ አንድም ቃል አልነበረም።

አቤቱታዬ የዕፅዋትን ጠቀሜታ ከሚንቅ ሰው የመጣ እንዳይመስላችሁ አደራ እላለሁ። ከምናድላቸው መድኃኒቶች ብዙዎቹ መነሻቸው ዕፅዋት እንደሆኑ ጠንቅቄ አውቃለሁ። የማነሣው ጥያቄ ከዚህ የጠበበ ነው፤ ከዕፅዋት የተወሰዱ አንቲኦክሲዳንቶችን በእንክብል መልክ መዋጥ ብጉርን ለማከም ይረዳል ወይ የሚል ነው። እስከ ዛሬ የተሠሩትን ጥናቶች ባነበብኩት መጠን መልሱ «ሊረዳ የሚችልበት ምክንያት አለ፣ መርዳቱ ግን አልተረጋገጠም» የሚል ሆኖ አግኝቼዋለሁ። በምርቶቻችሁ ላይ የተጻፈው ግን የዚህን ዓረፍተ ነገር የመጀመሪያ ግማሽ ወስዶ ሁለተኛውን ይጥለዋል።

የመጀመሪያው ግማሽ ከሜዳ ተነሥቶ የተፈጠረ እንዳልሆነ አምናለሁ። ብጉር የሚነሣው ፀጉር በሚበቅልባት ጠባብ የቆዳ ቀዳዳና ከእሷ ጋር በተያያዘችው ወዝ አመንጪ ዕጢ ውስጥ ነው። በጉርምስና ጊዜ በሆርሞን ግፊት ወዙ ይበዛል። የቀዳዳዋን ግድግዳ የሸፈኑት ሴሎች ደግሞ እንደ ወትሮው ተራግፈው በመውጣት ፈንታ እርስ በርስ ተጣብቀው አፏን ይደፍናሉ። ቀድሞ ፕሮፒዮኒባክቴሪየም አክኔስ ይባል የነበረውና እ.ኤ.አ. በ2016 ኩቲባክቴሪየም አክኔስ ተብሎ የተሰየመው ባክቴሪያ በተደፈነው ወዝ ውስጥ ይራባል፤ ቆዳውም ይቆጣል፣ ያብጣል፣ መግል ይይዛል። ከዚህ ወዝ ውስጥ 12 በመቶ ገደማ የሚሆነው ስኳሊን የተባለ ቅባት ነው። ስኳሊን በፀሐይ ጨረርና በአየር ውስጥ ባለው ኦክስጅን በቀላሉ የሚበላሽ ሲሆን፣ ሲበላሽ የሚፈጠሩት ፐርኦክሳይዶች የቆዳን ቀዳዳ የመድፈን ባሕርይ እንዳላቸው በእንስሳት ቆዳ ላይ በተደረገ ሙከራ ታይቷል። ባክቴሪያውን ለመዋጋት የሚመጡት ነጭ የደም ሴሎችም በበኩላቸው ፍሪ ራዲካል የተባሉ፣ ያገኙትን የሚጎዱ ያልተረጋጉ ሞለኪውሎችን ይረጫሉ። ብጉር ያለባቸውን ሰዎች ደም የመረመሩ በርካታ ጥናቶችም የኦክሲዴሽን ጉዳት ምልክቶች ከፍ ብለው፣ የቫይታሚን ኤና የቫይታሚን ኢ መጠን ደግሞ ዝቅ ብሎ አግኝተዋል። እንግዲህ ኦክሲዴሽን በብጉር ውስጥ ድርሻ እንዳለው መናገር ስሕተት አይደለም።

ሆኖም የሚቃጠል ቤት ውስጥ ጭስ መገኘቱ ቃጠሎውን ያስነሣው ጭሱ መሆኑን አያሳይም። በደም ውስጥ የታየው ለውጥ የብጉሩ መንስኤ ሊሆን እንደሚችል ሁሉ ብጉሩ ያስከተለው ውጤትም ሊሆን ይችላል፤ የደም ምርመራ ብቻውን ሁለቱን አይለይም። ከዚህም በላይ «ኦክሲዴሽን ብጉር ያመጣል፣ ስለዚህ አንቲኦክሲዳንት ብጉርን ያድናል» የሚለው አካሄድ እኔ በየቀኑ በማድለው አንድ ቅባት ፊት አይቆምም። ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ የተባለው መድኃኒት በአሥርት ዓመታት ልምድ የተፈተነ፣ ዛሬም በሕክምና መመሪያዎች ውስጥ ከቀዳሚዎቹ ተርታ የሚሰለፍ የብጉር መድኃኒት ነው። የሚሠራው ግን ቆዳ ውስጥ ገብቶ ፍሪ ራዲካሎችን በመልቀቅ ባክቴሪያውን በመግደል ነው። በሌላ አነጋገር ራሱ ኦክሲዳንት (ኦክሲዴሽን የሚያስከትል) ነው፤ ትራስ ልብስና ፎጣ የሚያነጣውም በዚሁ ጠባዩ ነው። ኦክሲዴሽን በሁሉም ቦታና በሁሉም ጊዜ የብጉር ጠላት ቢሆን ኖሮ ይህ ቅባት ፊትን ማባባስ ነበረበት። ይህን የምለው አንቲኦክሲዳንት አይረዳም ለማለት ሳይሆን፣ በብልቃጥ ላይ በአንድ መስመር የሚያልቅ ማብራሪያ በቆዳ ውስጥ ከሚሆነው ነገር ጋር እንደማይመጣጠን ለማሳየት ነው።

ከቤተ ሙከራ ብልቃጥ እስከ ሰው ፊት ያለው መንገድም ረጅም ነው። አንድ የዕፅዋት ጭምቅ በመስታወት ዕቃ ውስጥ ብዙ ፍሪ ራዲካል መያዙ ተውጦ፣ የሆድ አሲድን አልፎ፣ በአንጀትና በጉበት ተለውጦ፣ በደም ተጉዞ ወዝ አመንጪ ዕጢ ዘንድ ሲደርስ ምን እንደሚሆን አይነግረንም። የአሜሪካ የግብርና ሚኒስቴር ምግቦችን በአንቲኦክሲዳንት አቅማቸው በቁጥር ደረጃ እየሰጠ ያወጣ የነበረውን ሠንጠረዥ እ.ኤ.አ. በ2012 ከድረ ገጹ ያነሣው፣ ቁጥሮቹ በሰው አካል ውስጥ ከሚሆነው ጋር ስለማይገናኙና አምራቾችም ለማስታወቂያ ስላዋሏቸው ነበር። የእርድ ዋነኛ ንጥረ ነገር የሆነው ኩርኩሚን ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ በአፍ ሲወሰድ በደም ውስጥ የሚገኘው እጅግ ጥቂቱ ብቻ ነው። ይህን ለማስተካከል አምራቾች ከቁንዶ በርበሬ የሚገኘውን ፓይፐሪን ይጨምሩበታል። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ አንድ ጥናት ፓይፐሪን በሰዎች ደም ውስጥ የሚገባውን ኩርኩሚን ወደ 20 እጥፍ ገደማ እንዳሳደገው ዘግቧል። ይሁንና ፓይፐሪን ይህን የሚያደርገው ሰውነት ባዕድ ነገሮችን ሰባብሮ የሚያስወግድበትን ሥርዓት በማዳከም ስለሆነ፣ ሰውየው የሚወስዳቸውን ሌሎች መድኃኒቶችም አብሮ ሊነካ ይችላል። እንክብሉን «የተሻሻለ» ያሰኘው ነገር ጥንቃቄ የሚጠይቀው ነገር መሆኑ በብልቃጡ ላይ ቢነገር ምን ይጎዳል?

በሰዎች ላይ የተደረጉት ጥናቶች ጥቂት ቢሆኑም በዝርዝር መታየት አለባቸው፤ «በጥናት የተረጋገጠ» የምትሉት በእነሱ ላይ ተመሥርታችሁ ነውና። በታይዋን ብጉር ያለባቸው ከ25 እስከ 45 ዓመት የሆኑ 80 ሴቶች ተመርጠው፣ ግማሾቹ በየቀኑ 1,500 ሚሊግራም ካፌይኑ የወጣለት የአረንጓዴ ሻይ ጭምቅ፣ ግማሾቹ ደግሞ መልኩ ተመሳሳይ የሆነ ባዶ ማስመሰያ እንክብል ለአራት ሳምንት ወሰዱ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ውጤት በአፍንጫ፣ በአፍ ዙሪያና በአገጭ ላይ ያሉት የቆጡ ብጉሮች ሻይ በወሰዱት ላይ ይበልጥ መቀነሳቸውን ያሳያል። በፊት ላይ ባለው ጠቅላላ የብጉር ቁጥር ግን በሁለቱ ቡድኖች መካከል ትርጉም ያለው ልዩነት አልተገኘም። ጥናቱን እስከ መጨረሻው የዘለቁትም 64 ሴቶች ነበሩ። ማስታወቂያ ጸሐፊ ከዚህ ጥናት አገጩን ይመርጣል፤ ሕመምተኛዋ ግን መስታወት ፊት ስትቆም የምታየው ሙሉ ፊቷን ነው።

እዚህ ላይ ሳላልፈው የማልፈልገው ልዩነት አለ፤ መቀባትና መዋጥ አንድ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2013 ከደቡብ ኮሪያ የወጣ ጥናት ከአረንጓዴ ሻይ የሚገኘውን ኢጂሲጂ የተባለ ንጥረ ነገር 1 እና 5 በመቶ አድርጎ በአንድ ወገን ፊት ላይ ለስምንት ሳምንት በመቀባት፣ ሌላውን ወገን ባዶ ቅባት በመቀባት አነጻጽሮ መልካም ውጤት አግኝቷል። ይህ ጥናት በመጠኑ አነስተኛ ቢሆንም ተስፋ ሰጪ ነው። ነገር ግን በቆዳ ላይ በቀጥታ የተቀባ ነገር ስለሠራ በአፍ የሚዋጠውም ይሠራል ማለት አይቻልም። የቅባቱን ጥናት ጠቅሶ እንክብል መሸጥ ለገዢው ያልተደረገለትን ጥናት እንደተደረገለት አድርጎ መንገር ነው፤ በእጄ ከገቡት በራሪ ወረቀቶች ውስጥ ይህን የሚያደርግ ከአንድ በላይ አይቻለሁ።

ሌሎቹን በአጭሩ ልለፋቸው። እ.ኤ.አ. በ2012 ከኢራቅ የወጣ ጥናት ሲሊማሪን የተባለውን የዕፅዋት ንጥረ ነገር ጨምሮ ሦስት አንቲኦክሲዳንቶችን ፈትኖ የቆጡ ብጉሮች መቀነሳቸውን ዘግቧል፤ ሆኖም ጠቅላላ ተሳታፊዎቹ 56 ሲሆኑ ለአራት ተከፍለው ለእያንዳንዱ ቡድን የደረሱት 14 ሰዎች ብቻ ነበሩ። ኮክሬን የተባለው የጥናት ገምጋሚዎች ስብስብ እ.ኤ.አ. በ2015 ብጉርን በአማራጭ ሕክምና ለማከም የተሞከሩ 35 ጥናቶችን፣ በድምሩ 3,227 ሰዎችን መርምሮ፣ የአብዛኞቹ ማስረጃ ደካማ በመሆኑ ልምዱን የሚደግፍ ድምዳሜ ላይ ለመድረስ አልቻለም። የአሜሪካ የቆዳ ሐኪሞች አካዳሚም እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው መመሪያ ስለሚቀባ አረንጓዴ ሻይና ስለ ዚንክ ሲናገር፣ ተጠቀሙም አትጠቀሙም ብሎ ለመምከር የሚያበቃ ማስረጃ የለም ብሏል። ይህ ቃል «አይሠሩም» ማለት እንዳልሆነ ልብ ይሏል፤ «አናውቅም» ማለት ነው። ባለማወቃችን ላይ ግን ዋጋ ተለጥፎ ሊሸጥ አይገባም።

«ታዲያ የተጠቀሙት ሰዎች ተሻለን እያሉ ይጽፉልናል» ትሉኝ ይሆናል። እውነታችሁን ነው፤ የሚሉትንም አልጠራጠርም። ብጉር ግን በጠባዩ ከፍ ዝቅ የሚል ሕመም ነው። ሰው እንክብል ለመግዛት የሚነሣው ፊቱ እጅግ በከፋበት ሳምንት ስለሆነ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሳምንት ምንም ሳይወሰድም የመሻሉ ዕድል ሰፊ ነው። በአውስትራሊያ 43 ወጣት ወንዶችን አሳትፎ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የአመጋገብ ጥናት ይህን በቁጥር ያሳያል። የደም ስኳርን በፍጥነት የማያሳድግ ምግብ በተመገቡት ላይ በ12 ሳምንት ውስጥ የብጉሩ ቁጥር በአማካይ በ23.5 ሲቀንስ፣ የተለየ የአመጋገብ ለውጥ ባላደረጉት ላይም በ12 ቀንሷል። ከሁለተኛው ቡድን አንዱን ወጣት ወስዳችሁ በመጀመሪያው ቀን የአንዱን ምርት እንክብል ሰጥታችሁት ቢሆን ኖሮ፣ በሦስተኛው ወር ምስጋናውን ከፎቶግራፍ ጋር ይልክላችሁ ነበር። በፊትና በኋላ የተነሡ ፎቶግራፎች ያለ ማነጻጸሪያ ቡድን ምንም የማይነግሩን ለዚህ ነው።

የዚንክን ነገር ለብቻው ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ዚንክ ማዕድን እንጂ ዕፅ አይደለም፤ ሆኖም በብዙ «የዕፅዋት» እንክብሎች ውስጥ ጸጥ ብሎ ይገባል። በአፍ ከሚወሰዱ የምግብ ማሟያዎች መካከል ለብጉር በስፋት ከተፈተኑት አንዱ እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ፣ 332 ሕመምተኞችን ባሳተፈ የፈረንሳይ ጥናት 30 ሚሊግራም ዚንክ ከ100 ሚሊግራም ሚኖሳይክሊን ጋር ለሦስት ወር ተነጻጽሮ፣ ሕክምናው ሰመረላቸው የተባሉት በዚንክ 31.2 በመቶ፣ በሚኖሳይክሊን 63.4 በመቶ ነበሩ። እንግዲህ ዚንክ ጥቂት ሊረዳ ይችላል፤ ከመድኃኒቱ ጋር ሲተያይ ግን ግማሽ ነው። አምስት ዕፅ አንድ ዚንክ የተቀላቀለበት እንክብል ወስዳ ለውጥ ያየች ሴት ውለታውን ለቅጠሉ ትስጠው ለማዕድኑ በምን ታውቃለች? ምርቱን የሠራችሁት እናንተስ ታውቃላችሁ?

«ባይጠቅምም አይጎዳም» የሚለውን አባባል በባንኮኒው ወዲያ ካሉ ሰዎች በየዕለቱ እሰማዋለሁ፤ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝም እሱ ነው። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ግምገማ፣ ከአረንጓዴ ሻይ ጭምቅ በቀን 800 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ኢጂሲጂ መውሰድ የጉበት ጉዳት ምልክት ከሆኑ ኤንዛይሞች በደም ውስጥ መጨመር ጋር እንደሚያያዝ ገልጿል። ቁጥሩ የሚናገረው ስለ እንክብል እንጂ አፍልቶ ስለሚጠጣ ሻይ አይደለም፤ መጭመቅ ያለው ትርጉምም ይኸው ነው፤ መጠኑን ያሳድጋል። ጣሊያን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2019 የኩርኩሚን እንክብል በወሰዱ ሰዎች ላይ የጉበት ብግነት ታይቶ የአገሪቱ ተቆጣጣሪዎች ማስጠንቀቂያ አውጥተዋል። አንቲኦክሲዳንት በመርሕ ደረጃ ጉዳት የለውም ለሚል ሰው ደግሞ የፊንላንድን ጥናት አስታውሰዋለሁ። ከ29,000 በላይ አጫሽ ወንዶች በተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ1994 በታተመው በዚያ ጥናት፣ ቤታ ካሮቲን ከሳንባ ካንሰር ይከላከላል ተብሎ በቀን 20 ሚሊግራም ቢሰጥ፣ በወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር በ18 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። ያን ጥናት ከብጉር ጋር ምን አገናኘው የሚል አይጠፋም። የሚያገናኘው፣ በወረቀት ላይ እጅግ አሳማኝ የነበረ የአንቲኦክሲዳንት አመክንዮ በሰው ላይ ሲፈተን እንዴት ሊገለበጥ እንደሚችል ማሳየቱ ነው።

ከጉበት ቀጥሎ ያለው ችግር ራሱ ቆዳው ነው። ለቆዳና ለፀጉር ተብለው በሚሸጡ ቅይጦች ውስጥ ቫይታሚን ቢ12 በብዛት ይገባል፤ ቢ12 ደግሞ በአንዳንድ ሰዎች ላይ ብጉር መሰል ሽፍታ እንደሚያስነሣ ከታወቀ ቆይቷል። አዮዲን የበዛበት የባሕር አረም እንክብልም እንዲሁ። ለብጉር የተገዛ እንክብል ብጉር ሲያስነሣ ገዢው «ቆሻሻው እየወጣልኝ ነው» ብሎ መጠኑን ይጨምራል፤ እንዲህ የሚያስብ ሰው ገጥሞኛል፤ ሻጩም ያለው ያንኑ ነበር። ለከባድ ብጉር አይሶትሬቲኖይን የሚወስዱ ሰዎች ቫይታሚን ኤ ያለበትን ማሟያ መጨመር እንደሌለባቸው እኛ ለእያንዳንዳቸው እንነግራለን፤ አይሶትሬቲኖይን ራሱ የቫይታሚን ኤ ዘመድ ስለሆነ ጉዳቱ ይደራረባልና። ፊት ለፊቱ ላይ ቅጠል ብቻ በሚታይበት ብልቃጥ ውስጥ ቫይታሚን ኤ መኖሩን ግን ማን ይነግራቸዋል?

ሌላም ጉዳት አለ፤ በምንም የደም ምርመራ የማይታይ የጊዜ ኪሳራ ነው። የሠከነ የሚመስል ብጉር ቆዳው ውስጥ በጥልቀት እየተቆጣ ሲቆይ ጠባሳ ይተዋል። ጠቆር ያለ ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ ደግሞ ብጉሩ ከጠፋ በኋላ ለወራት የማይለቅ ጥቁር ምልክት ይከተላል፤ ብዙ ጊዜ ሰዎቹን የሚያስለቅሳቸው ከብጉሩ ይልቅ ይህ ምልክት ነው። አዳፓሊንና ቤንዞይል ፐርኦክሳይድን የመሳሰሉ የተፈተኑ መድኃኒቶች እንኳን ውጤታቸው የሚመዘነው ከ12 ሳምንት ገደማ በኋላ ስለሆነ ትዕግሥት ይጠይቃሉ። አንድ ሰው በመጀመሪያ ሦስት ወር አንዱን እንክብል፣ ከዚያ ሦስት ወር ሌላውን ሲሞክር ቆይቶ ወደ ሐኪም የሚሄደው ጠባሳው ከተተከለ በኋላ ነው። ጠባሳን ማከም ብጉርን ከማከም እጅግ የከበደ መሆኑን የቆዳ ሐኪሞች ሁሉ ይመሰክራሉ።

ሕጉ ይህን ሁሉ የማያውቅ ሆኖ አይደለም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው ሕግ የምግብ ማሟያ ወደ ገበያ ከመውጣቱ በፊት መሥራቱን እንዲያስመሰክር ባያስገድድም፣ በሽታን ያክማል ብሎ መጻፍን ግን ይከለክላል። በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2012 በጸደቀው ዝርዝር መሠረት ስለ ዚንክ ሊጻፍ የተፈቀደው «መደበኛ ቆዳን ጠብቆ ለማቆየት አስተዋጽኦ ያደርጋል» የሚል ነው። ስለ ዕፅዋት የቀረቡ ሁለት ሺህ ገደማ የሚሆኑ ጥያቄዎች ደግሞ ውሳኔ ሳያገኙ ለዓመታት ቆይተዋል። በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው ጥበበኛ ቃላት የሚበቅሉት። «ለጠራ ቆዳ»፣ «ቆዳን ከውስጥ የሚያነጻ»፣ «ለወዛም ፊት ምቹ» ይባላል፤ «ብጉር» የሚለው ቃል ተዘልሎ ብጉር ያለበት ፊት በሥዕል ይቀመጣል። ፊደሉ ሕግ ያከብራል፣ ሥዕሉ ይጥሰዋል። ተቆጣጣሪዎች ፊደሉን ብቻ ሳይሆን ሥዕሉንም እንዲያነቡ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከዚህ በመነሣት የምጠይቀው የማይቻል ነገር አይደለም። ያ ራሱ ምርት፣ በዚያው መጠን፣ በሰዎች ላይ ከማስመሰያ እንክብል ጋር ተነጻጽሮ እስካልተፈተነ ድረስ በብልቃጡም ሆነ በማስታወቂያው ላይ ብጉር በቃልም በሥዕልም እንዳይጠቀስ ይደረግ። «ልዩ ቅይጥ» በሚል ስም የተሸፈነው ዝርዝር ይገለጥና የኢጂሲጂው፣ የኩርኩሚኑ፣ የፓይፐሪኑ፣ የዚንኩና የቫይታሚኖቹ መጠን በሚሊግራም ይጻፍ። ከዶክሲሳይክሊን ወይም ከሚኖሳይክሊን ጋር በአንድ ሰዓት እንዳይወሰድ፣ አይሶትሬቲኖይን የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር እንዳይጀምረው፣ የዓይን መቢጨት፣ የሽንት መጥቆር ወይም ከባድ ድካም ከታየ ወዲያው ቆሞ ወደ ሐኪም እንዲኬድ፣ የታዘዘ መድኃኒትም በእንክብሉ ምክንያት እንዳይቋረጥ የሚናገር ጽሑፍ ፊት ለፊት፣ ያለ መነጽር በሚነበብ ፊደል ይቀመጥ።

ለአምራቾች ደግሞ አንድ ተጨማሪ ቃል አለኝ። በምርታችሁ የምታምኑ ከሆነ አስፈትኑት። ለ12 ሳምንት የሚቆይ፣ ተሳታፊዎቹም ብጉሩን የሚቆጥረው ሐኪምም ማን ምን እንደወሰደ የማያውቁበት፣ የአገጩን ብቻ ሳይሆን የመላው ፊት ቁጥር የሚመዘገብበት፣ አንዱ ቡድን ዕፅዋቱን ያለ ዚንክ፣ ሌላው ዚንኩን ያለ ዕፅዋት የሚወስድበት፣ የጉበት ምርመራም የሚካተትበት ጥናት ለአንድ ትልቅ ድርጅት ከማስታወቂያ በጀቱ የሚያልፍ ወጪ አይመስለኝም። ውጤቱ መልካም ከሆነ እንክብሉን ከባንኮኒዬ ላይ በግንባር ቀደምትነት የማስቀምጠው እኔ ነኝ። ካልሆነም ውጤቱ ይታተም።

ያቺ ወጣት ዶክሲሳይክሊኑን ለብቻው እንድትወስድና ወደ ሐኪሟ ተመልሳ የሆነውን ሁሉ እንድትነግረው ተስማምተን ተለያየን። ብልቃጡን እኔው ዘንድ ትታው ሄደች፤ ይህን ስጽፍ ከጠረጴዛዬ ላይ ነው፣ ከእንክብሎቹም ገና ግማሽ ያህሉ አሉ። ከጀርባው በተጻፈው የስልክ ቁጥር ሦስት ጊዜ ደውዬ በሦስተኛው አንድ ሰው አነሣልኝ። 25 ሚሊግራም ዚንክ በዕፅዋት እንክብል ውስጥ ለምን እንደገባና ስለ ዶክሲሳይክሊን ለምን እንዳልተጻፈ ጠየቅሁት። «ምርታችን ሙሉ በሙሉ ተፈጥሯዊ ነው» አለኝ፤ ጥያቄዬን ደገምኩለት፣ እሱም መልሱን ደገመልኝ። ከዚህ የተሻለ መልስ ከሚመለከታችሁ ሁሉ በጽሑፍ እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ፋርማሲስት